ድርቁን የሚለካ ገንዘብ አለ፤ ውሳኔውን የሚመረምረውስ?

ስለ ድርቅና ስለ ጎርፍ ስንነጋገር ዓይናችን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማይ ነው። በልጉ ለምን ቀረ፣ ክረምቱ ለምን ዘገየ፣ ኤልኒኞ መቼ ይመለሳል እንላለን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልስ የሚፈልግላቸውም ሳይንስ አለ። ዛሬ የማነሣው ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። የዝናቡ መቅረት ከታወቀ በኋላ የሚወስነው ማን ነው? በስንት ቀን ይወስናል? በየትኛው ገንዘብ? ውሳኔው ሲዘገይስ ማን ይጠየቃል? ይህን የሚመረምረው ዘርፍ የአየር ንብረትና የአደጋ አስተዳደር ጥናት ነው። በታዳጊ አገሮች ለዚህ ዘርፍ የሚደርሰው ገንዘብ እጅግ ትንሽ ነው፤ ያለውም በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፣ ለአጭር ጊዜ ይቆያል፣ የሚጠናውን ጉዳይም ከፋዩ ይመርጣል። ስለዚህ እንደ ኢትዮጵያ ያለ አገር ይህን ጥናት ከራሱ በጀት፣ በሕግ በተወሰነ ድርሻ፣ ለረጅም ዘመን ሊደግፈው ይገባል እላለሁ። የውጭው ገንዘብ በዚህ ላይ ይጨመር እንጂ ይህን አይተካ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከራሳችን ታሪክ እንነሣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ የድርቅ ውጤት ብቻ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑን አኃዝ መርምሮ ሌላ ነገር አሳየ። በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ረሃብ ባለበት አገር እንደሚጠበቀው አልናረም። የወሎ ገበሬ ያለቀው እህል ከአገር ስለ ጠፋ አይደለም፤ ሰብሉና ከብቱ ሲጠፋበት እህል የሚገዛበት አቅም አጥቶ ነው። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም የኢትዮጵያን ገጠር ለረሃብ ተጋላጭነት ባጠኑበት ሥራቸው፣ ገበሬውን ያለ ጥሪት የሚያስቀርና ሲቸገር የማይደርስለት ሥርዓት የረሃቡ ዋና ምክንያት መሆኑን በሰፊ መረጃ አስረዱ። ሁለቱ ምሁራን የሄዱበት መንገድ ቢለያይም የደረሱበት ይቀራረባል፤ ድርቅ የተፈጥሮ ነው፣ ወደ ረሃብ የሚለወጠው ግን በሰው ውሳኔ ውስጥ አልፎ ነው። እነዚህ ሥራዎች የተሠሩበትንና የታተሙበትንም ልብ በሉ። የሴን ጥናት የተዘጋጀው ለዓለም የሥራ ድርጅት ነበር፤ የመስፍን መጽሐፍ በኒው ዴልሂ፣ አቶ ደሳለኝ ራሕመቶ ስለ ወሎ ገበሬዎች የረሃብ መቋቋሚያ ስልት የጻፉት መጽሐፍ ደግሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ታትሟል። ስለ ራሳችን ረሃብ የተጻፈውን ዋና ዋና እውቀት ለማተም እንኳ የሌላ አገር ቤት አስፈልጎናል።

ከ66ቱ ረሃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በሥሩም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ። ሥርዓቱ ከተዘረጋ በኋላም የ77ቱ ረሃብ ደረሰ። ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ አልነበረም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የኮሚሽኑ ኃላፊ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ለለጋሾች ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን ነግረዋቸው ነበር። የዓለም ጆሮ የተከፈተው ግን ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የኮረምን ምስል ሲያሳይ ነው። በዚያ መካከል ለጋሾች የኮሚሽኑን ቁጥር ተጠራጥረዋል፣ በሰሜን ጦርነት ነበር፣ መንግሥትም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሯል። በ66ቱ የጎደለው የመስማት ፈቃድ ነበር፤ በ77ቱ የጎደሉት መተማመንና ቅድሚያ መስጠት ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ አስፈለገው፤ ነገር ግን የ77ቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ልዩነቱን ያመጣው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው? መንግሥት ከራሱ ካዝና ቀድሞ ያወጣው ገንዘብ ነው? የመንገዱ መስፋፋት ነው? ሁሉም ድርሻ አላቸው ማለት ቀላል ነው። የሚቀጥለው ድርቅ ሲመጣ ገንዘቡን የት ላይ ማኖር እንዳለበት ለሚወስን ባለሥልጣን ግን ይህ መልስ አይበቃውም፤ እያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ይህን መለየት የዝናብ መለኪያ ሥራ አይደለም፤ የአስተዳደር ጥናት ሥራ ነው።

አሁን ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እንይ። በይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአፍሪካ ምዕራፉ እንዳሰፈረው፣ ከ1990 ጀምሮ ባሉት ሦስት አሥርት ዓመታት በዓለም ለአየር ንብረት ምርምር ከዋለው ገንዘብ አፍሪካን የሚመለከት ምርምር ያገኘው 3.8 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ድርሻ ራሱ ወደ አፍሪካ አልመጣም። ከውስጡ 78 በመቶው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ላሉ ተቋማት ሲደርስ፣ ለአፍሪካ ተቋማት የደረሰው 14.5 በመቶ ነው። ሁለተኛው መዛባት በሳይንሶች መካከል ያለው ነው። ኢንድራ ኦቨርላንድና ቤንጃሚን ሶቫኩል እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1990 እስከ 2018 ድረስ የተፈጥሮና የቴክኒክ ሳይንሶች ለአየር ንብረት ምርምር ከማኅበራዊ ሳይንሶች ይልቅ 770 በመቶ ብልጫ ያለው ገንዘብ እንዳገኙ አሳይተዋል። ልቀትን ለመቀነስ የሰዎችን፣ የተቋማትንና የፖለቲካን ጠባይ የሚያጠናው ማኅበራዊ ምርምር ያገኘውማ ከጠቅላላው የምርምር ገንዘብ 0.12 በመቶ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የሚናገረው ስለ ልቀት ቅነሳ እንጂ ስለ አደጋ አይደለም፤ የሚያሳየው ዝንባሌ ግን አንድ ነው። አፍሪካን የሚመለከተው ትንሽ፣ ለአፍሪካ ተቋም የሚደርሰው የትንሹ ትንሽ፣ አስተዳደርን የሚያጠናው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የወረዳ መስተዳድር የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ የሚመረምረው የአገር ውስጥ ተመራማሪ ያለው እነዚህ ሁለት መዛባቶች በሚገናኙበት ቦታ ነው።

የገንዘቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን የአመጣጡ ሁኔታም ጥናቱን ያጣምመዋል። ከውጭ የሚመጣ የምርምር ፕሮጀክት ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። ድርቅ ሲደርስ የገንዘብ ጥሪ ይወጣል፤ ፕሮፖዛል ተጽፎ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ ተመራማሪው መስክ ሲወጣ ዝናቡ ተመልሷል። የሚያገኘው ያለፈውን የሚያስታውስ ሰው ነው እንጂ እየወሰነ ያለ ሰው አይደለም። ቀጣዩ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፤ የሠለጠነው ባለሙያም ሌላ ሥራ ይዟል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ትንበያ ማዕከል ትንበያውን በየወቅቱ ያወጣ ነበር። ቢሆንም ከብቱ በገፍ አለቀ። ትንበያው በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ስንት ሳምንት ቆየ? አርብቶ አደሩ ከብቱን ሳይከሳ እንዲሸጥ የሚረዳው ገንዘብ በማን ፊርማ ይለቀቃል? ይህን ለማወቅ ተመራማሪው ድርቁ ሲጀምርም ሲያልቅም እዚያው መገኘት አለበት። የሦስት ዓመት ውል ግን ይህን አይፈቅድለትም።

ከዚህ የከፋው፣ ከፋዩ በፈለገ ቀን ሥራው መቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪታንያ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ሲያወርድ፣ የአገሪቱ የምርምር ገንዘብ ሰጪ ተቋም ቃል በገባውና በእጁ በቀረው መካከል የ120 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ገጠመው፤ ከታዳጊ አገሮች ጋር በአጋርነት ይካሄዱ የነበሩ ጥናቶችም በመካከል ተቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቋርጥ፣ በ77ቱ ረሃብ ማግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ ድረ ገጹ ሳይቀር ለወራት ተዘጋ። በየአገሩ ያሉ የእርዳታ ሠራተኞች የሚመሩበት ትንታኔ የጠፋው የኢትዮጵያ ወይም የሱዳን ሁኔታ ተሻሽሎ አይደለም፤ ዋሽንግተን ውስጥ ውሳኔ ተለውጦ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አባል የሆነበት፣ በአደጋ ስጋት ዙሪያ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ያሰባሰበው ጥምረትም ለዓመታት የቆመው በዚያው የአሜሪካ እርዳታ ነበር። ለጋሾቹን ለመውቀስ አይደለም የማነሣው፤ የራሳቸው ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው፣ በፈለጉት ያዙበታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል የሚጠይቀው ተቀባዩን ነው።

ጥናቱ በአገር ቤት ሥር ሲሰድድ ምን እንደሚያፈራ ባንግላዴሽን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970 የቦላ አውሎ ነፋስ በዚያች ምድር ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። በ1972 መንግሥቱና ቀይ መስቀሉ በጋራ የበጎ ፈቃደኞች የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም መሠረቱ። በ1991 ሌላ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ 138,000 ያህል ሰው ሲገድል፣ ከሟቾቹ መካከል ሴቶችና ሕፃናት እጅግ በዝተው ተገኙ። ለምን የሚለውን ያጠኑት ሰዎች መልሱን ያገኙት በሳተላይት ምስል ላይ አይደለም። ማስጠንቀቂያው በወንዶች አፍ ለወንዶች ይነገር ነበር፤ መጠለያው ውስጥ ለሴቶች የተለየ ቦታ አልነበረም፤ ከብቱን ጥሎ ለመሄድ የሚደፍር ቤተሰብም ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ ሴት በጎ ፈቃደኞች ተመለመሉ፣ በመጠለያዎች የሴቶች ክፍል ተጨመረ፣ ለከብቱም ማስጠጊያ ተሠራ። በ2007 የሲድር አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሟቾቹ ቁጥር 3,400 ያህል ነበር። ይህ ራሱ ብዙ ሕይወት ነው፤ ከ1970ው ጋር ሲተያይ ግን የተቋማትና የእውቀት ሥራ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ ያሳያል። በ2009 ደግሞ ፕሮፌሰር ሳሊሙል ሃቅ በዳካ የአየር ንብረት ምርምር ማዕከል አቋቋሙ፤ መንግሥትም በዚያው ዘመን ከራሱ በጀት የአየር ንብረት ፈንድ ከፈተ።

በእኛም አገር ለረጅም ጊዜ የተደገፈ ተቋም ውጤት አይተናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ሳያቋርጥ የምድር መንቀጥቀጥ ሲመዘግብ ኖሯል። ጣቢያውን ለዓመታት የመሩት ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በካናዳ የምርምር ማዕከል ድጋፍ አሳተሙ፤ ሥራቸውም ለአገሪቱ የግንባታ ደንብ መሠረት ሆነ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናወጥና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲነሣ፣ ሕዝቡ ማብራሪያ የሰማው ከዚያው ተቋም ወራሾች ነው። የውጭ ገንዘብ እዚህም ገብቷል፤ ልዩነቱ የገባው ቀድሞ በቆመ የአገር ቤት ላይ መሆኑ ነው። የጎደለን ደግሞ የዚህ ጣቢያ አቻ የሆነ፣ መንቀጥቀጡን ሳይሆን ውሳኔውን የሚመዘግብ ተቋም ነው። የተነሣው ሕዝብ የት ሰፈረ፣ ከብቱን ማን ጠበቀ፣ መቼ ይመለሳል የሚለውን ዓመት ከዓመት የሚከታተል የለንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው በመሬት መንሸራተት ሲሞት፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ። ተራራው ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል ሥነ ምድር ያውቃል፤ ይህ እውቀት ቀበሌ ድረስ የሚወርድበትን መንገድ መፈለግ ግን የአስተዳደር ጥናት ፋንታ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ሕዝብ እየተራበ ገንዘብ ለወረቀት ይውላል ወይ የሚል ነው። በእርግጥ ለተራበ ሰው ጥናት አይቀርብም። ይሁን እንጂ ለአስቸኳይ እርዳታ በየዓመቱ የሚወጣው ገንዘብ ራሱ የጥናት ጥያቄ ያስነሣል፤ ዘግይቶ የደረሰ ኩንታል በጊዜው ከደረሰ ኩንታል ጋር ዋጋው እኩል ቢሆንም ጥቅሙ እኩል አይደለም። የሚዘገይበትን ምክንያት ማወቅ እህሉን ማብዛት ነው። ሴፍቲኔቱን እንውሰድ። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከማዕከላዊ ስታትስቲክስ ጋር ያካሄዳቸው ተከታታይ ጥናቶች ክፍያው ለተረጂው በወቅቱና በሙሉ ሲደርስና ሳይደርስ ያለውን ልዩነት አሳይተዋል። እነዚህ ጥናቶች የተካሄዱት ለጋሾች ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማወቅ ስለፈለጉ ነው። እኛም ስለ ገንዘባችን እንዲሁ ማወቅ ሊያምረን ይገባል። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ያሉት ጥናቶችስ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥተው ቀሩ አይደል ወይ የሚል ነው። እውነት ነው፤ መንስኤውን ግን እንመርምር። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ለከፋዩ ይላካል፣ የከፋዩን ቅጽ ይሞላል። የወረዳው የአደጋ ስጋት ባለሙያ ደንበኛ ሆኖ አልተቆጠረም። ስለዚህ ይህ ተቃውሞ የሚያፈርሰው ጥናትን ሳይሆን የዛሬውን የአከፋፈል ሥርዓት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ነው። መንግሥት በሚከፍለው ገንዘብ የመንግሥትን ስህተት ማን ይመረምራል? የ66ቱ ረሃብ የተደበቀው በራሳችን መንግሥት ነውና ጥርጣሬው ከታሪክ የመጣ ነው። የባንግላዴሽም ፈንድ ቢሆን ፕሮጀክት የሚመረጥበት መንገድ ፖለቲካ ይጫነዋል ተብሎ በአገሩ የፀረ ሙስና ድርጅት ተተችቷል። የራስ ገንዘብ መሆኑ ብቻ ጥናትን ነጻ አያደርገውም። ነገር ግን የውጭ ገንዘብም ነጻ አላደረገውም፤ ባለቤቱን ቀየረ እንጂ። በፓርላማ ፊት በስም የተመደበ ገንዘብ ቢያንስ የሚጠይቀው የአገር ሰው አለ። መድኃኒቱ ከፋዩንና መራጩን መለየት ነው። ገንዘቡ ከመንግሥት ይምጣ፤ የሚጠናውን የሚመርጠው ግን ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከሙያ ማኅበራትና ከሲቪል ድርጅቶች የተውጣጣ፣ የሥራ ዘመኑ ከምርጫ ዘመን ጋር የማይገጥም ቦርድ ይሁን። ውጤቱም ደስ ቢያሰኝም ባያሰኝም በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲታተም ሕግ ያስገድድ።

አራተኛው ተቃውሞ የፍትሕ ነው። አየሩን ያበላሹት ሀብታም አገሮች ሆነው ሳለ እኛ ለምን እንከፍላለን? እዳው የእነሱ መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገን አፍሪካን ወክለው የተከራከሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ያነሡት ይህንኑ ነበር፤ በ2022 በሻርም ኤል ሼክ ለኪሣራና ለጉዳት የሚከፍል ፈንድ እንዲቋቋም የተስማሙትም በዚሁ መንፈስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን ሰው ያመጣው ሙቀት የአፍሪካ ቀንዱን ድርቅ በ100 እጥፍ ያህል ይበልጥ ሊከሰት የሚችል እንዳደረገው ገምቷል። ይሁን እንጂ እዳ የሚጠይቅ ሰው መዝገብ ይዞ መቅረብ አለበት። ከጉዳቱ ውስጥ የሙቀቱ ድርሻ የቱ ነው፣ የአስተዳደሩ ድክመት ድርሻስ የቱ ነው ተብለን መጠየቃችን አይቀርም። መዝገቡን ከፋዩ ራሱ ከያዘው ሒሳቡም በእሱ እጅ ይቀራል። እንግዲህ በዚህ ጥናት ላይ የምናወጣው ገንዘብ የእነሱን እዳ መክፈል ሳይሆን የእኛን ማስረጃ ማዘጋጀት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለአደጋ መከላከልና ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ለመላመድ ከሚመደበው ከእያንዳንዱ 100 ብር አንዱ ብር፣ ከመንግሥት ካዝናም ይምጣ ከዓለም አቀፍ ፈንድ፣ ለአስተዳደር ጥናት በሕግ ይለይ። የአፍሪካ መሪዎች ለምርምር ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 1 በመቶ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ2007 እዚሁ አዲስ አበባ ቃላቸውን ማደሳቸውን ስናስታውስ ጥያቄው ከአቅም በላይ አይደለም። ገንዘቡ ቢያንስ ለአሥር ዓመት ይታሰር፤ ድርቅ ተመልሶ ሲመጣ ተመራማሪው ሥራው ላይ ይገኝ። እያንዳንዱ ወረዳ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትንና ውሳኔ የሰጠበትን ቀን የሚጽፍበት መዝገብ ይያዝ፤ ይህ ሳተላይት አያስፈልገውም፣ ደብተርና ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይበቃዋል። ጥናቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በሌሎቹም የየክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ይውጣ፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም የተቀበለውንና ያልተቀበለውን በጽሑፍ ይመልስ። የውጭ አጋሮች በዚህ ማዕድ ላይ ወንበር አላቸው፤ ማዕዱን የሚያሰናዳው ግን ባለቤቱ ነው።

የዓለም አገሮች 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ ይካሄዳል። እንግዶቻችን ስለ ተከልነው ችግኝና ስለ ገነባነው ግድብ ይሰማሉ፤ ይህ መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን ከሕዝብ እንደራሴዎቻችን አንድ ነገር እንጠይቅ። የአደጋ በጀት ለምክር ቤት በቀረበ ቁጥር፣ ባለፈው ዓመት ማስጠንቀቂያ ከደረሰን ቀን እስከ ወሰንንበት ቀን ስንት ቀን አለፈ፣ ይህንንስ የሚያጠናው ማን ነው፣ ስንት ብርስ ተመድቦለታል ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው በጀት ሳይጸድቅ ይመለስ።